ሁዳዴን የቻለ ሰው ፋሲካን ለምን አቃተው?

ሁዳዴ ሲገባ የሚያቆሙ ጠጪዎችን ሁላችንም እናውቃለን። 55 ቀን ሙሉ አንዲት መለኪያ አይቀምሱም። ሥጋና ወተቱን ብቻ ሳይሆን መጠጡንም አብረው ይጾሙታል። ፊታቸው ይጠራል። እንቅልፋቸው ይመለሳል። ቤተሰብ «ተመስገን» ይላል። እነሱም «አያችሁ? ሱስ ቢሆንብኝ ኖሮ እንዲህ እተወው ነበር?» ይላሉ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ዶሮው ይወጣል፣ ጠላው ይቀዳል፣ «እንኳን አደረሰህ» እየተባለ ብርጭቆው ይሞላል። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ሰውየው ከጾሙ በፊት ወደነበረበት ተመልሷል። አንዳንዱማ ብሶበት ይገኛል።

ይህን ለዓመታት ሳይ «አቅመ ቢስ ነው፣ ቁርጥ ሐሳብ የለውም» እል ነበር። ዛሬ እንደዚያ አልልም። 55 ቀን የቻለ ሰው ቁርጥ ሐሳብ አላነሰውም። በሁዳዴ ያለው፣ በፋሲካ የሚያጣው ሌላ ነገር ነው። በሁዳዴ ብቻውን አይደለም። ማንም «በሞቴ፣ አንዴ ቅመስልኝ» ብሎ አያስጨንቀውም። «ጾም ነኝ» ካለ በቃ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቀኑ የተቆጠረ ነው። አብረውት የሚቆጥሩ ሰዎችም አሉ። የፋሲካ ሌሊት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከላዩ ይነሣል። መጠጡ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለ።

ስለ መጠጥ ማገገሚያ ቡድኖች ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው። ማቆም ብዙ ሰው ይችላል። ከባዱ እንዳቆሙ መቆየት ነው። ለመቆየት ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ነገሩን በራሱ ላይ ያየ ሰው።

በዓለም በሰፊው የሚታወቀው የዚህ ዓይነት ማኅበር አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው። ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች እንደማለት ነው። ባጭሩ ኤኤ ይሉታል። አጀማመሩን ማወቅ አሠራሩን ለመረዳት ስለሚያግዝ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው ለሥራ ወደ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ወደምትባል ከተማ ሄደ። ሥራው ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነበር። ሜይፍላወር በሚባለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቆሞ በአንድ በኩል ባሩን፣ በሌላ በኩል ስልኩን ያያል። ወደ ስልኩ ሄደ። የከተማዋን ቄሶች ስም ፈልጎ ደወለና ያልተለመደ ጥያቄ ጠየቀ። የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፈለገ።

ያገናኙት ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ነው። ቦብ በመጠጥ ሥራውን ሊያጣ የደረሰ ሰው ነበር። «15 ደቂቃ ብቻ» ብሎ ገባ። ከስድስት ሰዓት በላይ አወሩ። ቦብ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አገርሽቶበታል። የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ጁን 10 ቀን 1935 ነው፤ ማኅበሩ ልደቱን የሚያከብረውም በዚያ ቀን ነው። ቦብ በ1950 እስኪሞት፣ ቢልም በ1971 እስኪሞት ድረስ ተመልሰው አልጠጡም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የስልኩ ነገር ነው። ቢል የደወለው የሚመክረው ሰው ፍለጋ አይደለም። እሱ ራሱ ሌላውን ለመርዳት ነው። ሌላ ጠጪ ሲያናግር የራሱ የመጠጥ ጥማት እንደሚበርድለት ከዚያ በፊት አስተውሎ ነበር። የቡድኑ ሞተር ይኸው ነው። ዛሬ የገባ ሰው እርዳታ ያገኛል። ከገባ ዓመት የሆነው ደግሞ ያንን አዲስ ሰው ሲያይ የራሱን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሳል። የሚጠቀሙት ሁለቱም ናቸው።

«ይህ ሁሉ ወሬ ይሠራል ወይ?» የሚል ሰው አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመታት መልሱ አከራካሪ ነበር። በ2020 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት 27 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። ሰውን ከኤኤ ጋር በሚያገናኝ ሥርዓት ባለው ሕክምና ካለፉት ውስጥ ከዓመት በኋላ 42 በመቶው ጨርሶ ሳይጠጡ ቆይተዋል። ሌላ ዓይነት የሥነ ልቦና ሕክምና ካገኙት ውስጥ ደግሞ 35 በመቶው። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው በሁለቱም በኩል በዓመቱ ውስጥ ጠጥቷል። ግን ቡድኑ በነጻ ነው፣ በብዙ አገር አለ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም አያልቅም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ የመጨረሻው ነው።

ከቡድን የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ በተለይ ጠዋት አንጎበሩን ለመስበር አረቄ የሚጀምር ሰው በአንድ ቀን ድንገት ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። አልኮል አእምሮን እንደ ፍሬን ይይዛል። አእምሮም ፍሬኑን ለመቋቋም ለዓመታት ነዳጅ እየረገጠ መሥራት ይለምዳል። ፍሬኑ ድንገት ሲነሣ ነዳጁ እንደተረገጠ ይቀራል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ያስመልሳል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ነው። ሕክምና ካልተገኘ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ቤት ከተደረሰ ግን እንደ ዲያዜፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 በጥቂት ቀናት የሚታለፍ ነው።

ይህን አበክሬ የምናገረው በእኛ አገር ብዙ ሰው መጠጥ የሚያቆመው ጸበል ገብቶ ስለሆነ ነው። በጸበል የተጽናኑ፣ ሕይወታቸው የተመለሰ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ትናንት አንድ ጠርሙስ አረቄ የጠጣ ሰው በሦስተኛው ቀን ቢወድቅና ቢንዘፈዘፍ፣ የሌለ ነገር አየሁ ብሎ ቢጮህ፣ መንፈስ ነው ተብሎ ዝም አይባልም። ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል። ጸበሉ ነገም ይጠብቀዋል። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ጊዜ «ጸበሉንም መድኃኒቱንም» የሚለውን ተምረን ነበር። እዚህም ያው ነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው መነሻው አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍል ቢሆን ጥሩ ነው። «አማኑኤል» ሲባል ብዙ ሰው ይሸማቀቃል፤ ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ግን ለመጠጥ ሕክምና የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፣ የሚያየውም ባለሙያ ነው። እዚያ ስትደርሱ ከመድኃኒቱ ሌላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ከዚህ ከወጣሁ በኋላ ከማን ጋር ነው የምሰበሰበው?» በሉ። ከሕክምና ወጥተው የሚገናኙ ሰዎችን የሚያውቁት ነርሶቹና አማካሪዎቹ ናቸው። በሌላ ከተማ ያለ ሰውም በቅርቡ ወዳለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዶ ይህንኑ ይጠይቅ።

አሜሪካ ላለ ሰው ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ስብሰባው ከመጠን በላይ ብዙ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከጠዋት እስከ ምሽት የሚሰበሰብ አይጠፋም። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የኤኤ ነጻ አፕሊኬሽን ስልክ ላይ ቢጫን በአቅራቢያ ያለውን ከነሰዓቱ ያሳያል። ዝርዝሩ ላይ «ኦፕን» እና «ክሎዝድ» የሚሉ ቃላት ይገጥሟችኋል። ኦፕን ማለት ማንም ሰው፣ የቤተሰብ አባልም ሆነ ለማየት የመጣ፣ መግባት ይችላል ማለት ነው። ክሎዝድ የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ፈርቶ የሚያመነታ ሰው በኦፕኑ ቢጀምር ይቀለዋል፤ የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ይችላልና። ሴቶች ብቻ የሚሰበሰቡባቸውም አሉ። ይህ ለእኛ ሴቶች ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ የሚጠጣ ወንድ ይወቀሳል፤ የምትጠጣ ሴት ግን ትደበቃለች። ቤት ዘግታ የምትጠጣ እናት ወንዶች በሞሉበት ክፍል አፏን ትከፍታለች ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

ስብሰባ በሌለበት ከተማ ወይም እንደልብ መውጣት በማይቻልበት ቤት ለሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ ባሕረ ሰላጤው አገር ሰው ቤት ለምትሠራ እህት፣ ስልክ አለ። ከኮቪድ ወዲህ በዙም የሚካሄዱ ስብሰባዎች እጅግ በዝተዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ በየትኛውም ሰዓት የሚሰበሰብ ይገኛል። በብዙዎቹ ካሜራ መክፈት ግዴታ አይደለም፣ ስምንም መቀየር ይቻላል። እንግሊዝኛው አልገባ ቢል እንኳ መስማት ራሱ ያለማምዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምሽት ልምጣ። አንድ ወዳጄን ይዤ የሄድኩት በሁዳዴ መካከል ነበር። እሱም እንደ ብዙዎቹ ጾም ሲገባ የሚያቆም ነው። የዚያን ዓመት ግን ፋሲካ ሲደርስ የሚሆነውን አስቀድሞ ፈራው። «ጾሙ ሳያልቅ አንድ ነገር ላድርግ» አለኝ። ኦፕን ስብሰባ መረጥን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጆቹ 7፡30፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት። መኪና ውስጥ ተቀምጠን 20 ደቂቃ ያህል አሳለፍን። «ሐበሻ ካለ እመለሳለሁ» አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ክፍሉ ተራ ክፍል ነው። ተጣጣፊ ወንበሮች፣ ቡና፣ ብስኩት። የሚመዘግብ የለም። መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ሰብሳቢው አጭር ጽሑፍ አነበበ። አባል ለመሆን የሚያስፈልገው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ መሆኑን የሚናገር ነው። ከዚያ «አዲስ የመጣ አለ?» ተባለ። እጅ ማንሣት ግዴታ አይደለም። ወዳጄ አላነሣም። ማንም ዞሮ አላየውም። አንዲት ሴት 15 ደቂቃ ያህል ስለራሷ ተናገረች። ቀጥሎ ሌሎች በየተራ ሁለት ሦስት ደቂቃ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ «አንተ እኮ ያጠፋኸው…» አይልም። ይህ ሕጋቸው ነው። ለእኛ ሰው ይህ ዝምታ መጀመሪያ ቅዝቃዜ ይመስላል። እኛ ዘንድ ችግሩን የሚናገር ሰው ሳይጨርስ አሥር ሽማግሌ ይነሣበታል። ሳይመከሩ መሰማት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የገባኝ የዚያን ምሽት ነው።

መሐል ላይ ቅርጫት ዞረ። ሰው አንድም ሁለትም ዶላር ይጥላል፤ አዲስ የመጣ ባይጥል ነውር የለም። ለአዳራሹና ለቡናው ነው። ማኅበሩ ከመንግሥትም ከድርጅትም ገንዘብ አይቀበልም። ለ24 ሰዓት፣ ለ30 ቀን፣ ለ90 ቀን፣ ለዓመት ሳንቲም የመሰለች ማስታወሻ ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ቆመው እጅ ለእጅ ተያይዘው አጭር ጸሎት ጸለዩና አበቃ። ልብ የሚሉት ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ቡናው አጠገብ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ስልኩን በወረቀት ጽፎ ለወዳጄ ሰጠው። «ከመጠጣትህ በፊት ደውል እንጂ ከጠጣህ በኋላ አትደውል» አለው። ሌላ ምንም አላለውም።

በአንድ ስብሰባ ብቻ ግን አትፍረዱ። አንዱ ቡድን ሞቅ ያለ ነው፣ ሌላው የደበተው ነው። አንዱ ሽማግሌ ይበዛበታል፣ ሌላው ወጣት። ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያየ ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ለጀማሪ በ90 ቀን 90 ስብሰባ የሚባል የቆየ ምክር አላቸው። ብዙ ይመስላል። ግን ጠጪ ስንሆን በ90 ቀን ውስጥ ስንት ቀን ግሮሰሪ ተቀምጠናል?

ወደ ወዳጄ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ሐበሻ ካለ እመለሳለሁ።» ፍርሃቱ እውነት ነው። ከተማው ትልቅ ቢሆንም የእኛ ከተማ ትንሽ ናት። ዛሬ የታየ ነገር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይደርሳል፤ በሳምንቱ አገር ቤት ይሰማል። ሰው የሚሸሸው መጠጡን ማቆም ጠልቶ ሳይሆን ስሙን ፈርቶ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሰፈር ራቅ ወዳለ ስብሰባ መንዳት፣ ወይም በስልክ መጀመር። ሐበሻ ቢገኝስ? እሱም እዚያ ክፍል የገባው እንደናንተው ነው። አንዱ የሌላውን ምስጢር ይዟል።

አሜሪካ ሆነው ስለ መኖሪያ ወረቀታቸው የሚሰጉም አሉ። ኤኤ የአባላት መዝገብ የለውም፤ ማን እንደመጣ ለማንም አያሳውቅም። ሰክሮ በመንዳት፣ በዲዩአይ ተከሰው ፍርድ ቤት የላካቸው ሰዎች ራሳቸው መገኘታቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙ ቡድኖች ይፈርሙላቸዋል። እዚያ የተነገረ ነገር ግን ለሐኪም ወይም ለጠበቃ እንደተነገረ ዓይነት የሕግ ከለላ ስለሌለው የክስ ጉዳይ ዝርዝር ለጠበቃ ቢቀመጥ ይሻላል። ደግሞም የአሜሪካ የዜግነት ሕግ ልማደኛ ሰካራምን መልካም ጠባይ እንደሌለው አድርጎ ይቆጥራል፣ ከአንድ በላይ የዲዩአይ ቅጣትም ማመልከቻን ያከብዳል። ለወረቀቱ የሚፈራ ሰው መፍራት ያለበት መጠጣቱን ነው።

ሌላው እንቅፋት ቃሉ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ስሜ እገሌ ነው፣ አልኮሆሊክ ነኝ» ይላል። ይህን ወደ አማርኛ ስታመጡት ያስቸግራል። «ሰካራም» ስድብ ነው፤ ሌላው የሚፈርድብን እንጂ ራሳችን የምንናገረው ቃል አይደለም። «ሱሰኛ» ስንል ጫቱም ሲጋራውም የጎዳናው ኑሮም አብሮ ይመጣል። እናቶቻችን ግን ለዚህ የቆየ ቃል አላቸው። ልጃቸው ሲጠጣ «መጠጥ አሸነፈው» ይላሉ። አዝነው እንጂ ሰድበው አይደለም። ኤኤ አባላቱ አንድ በአንድ የሚያልፉባቸው 12 ደረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያውም ይህንኑ ነው የሚለው፣ አልኮልን መቋቋም እንዳቃተን አመንን። «እኔ መጠጥ ያሸነፈኝ ሰው ነኝ» ብሎ መናገር ለእኛ ጆሮ ይቀርባል፤ አፍም ያወጣዋል።

የሃይማኖት ጥያቄም ይነሣል። ስብሰባው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑን ያየ ኦርቶዶክስ «ሃይማኖቴን ሊያስቀይሩኝ ነው» ይላል። ሙስሊሙም እንደዚያው ይሰጋል፤ እሱ ላይ ደግሞ መጠጡ ሐራም ስለሆነ ኃፍረቱ እጥፍ ነው። አዳራሹ የተከራየ ብቻ ነው። 12ቱ ደረጃዎች ስለ እግዚአብሔር ሲናገሩ «እኛ እንደምንረዳው» የሚል ጨምረዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይገባል። 5ኛው ደረጃ ጥፋትን ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናገር ነው። የንስሐ አባት ላለው ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዶች ይህን ደረጃ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይፈጽሙታል፤ ይፈቀዳል። ስለ ፈጣሪ መስማት የማይፈልግ ሰው ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባለው አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመና በሥነ ልቦና ሳይንስ ላይ የቆመ ነው። ቡድን ይኑር እንጂ ስሙ አያጣላንም።

ስፖንሰር የሚለው ቃል እኛን ያሳስታል፤ ገንዘብ የሚከፍል ወይም ቪዛ የሚያመጣ ይመስለናል። እዚህ ስፖንሰር ማለት ቀድሞ መንገዱን የሄደና በስልክ የሚገኝ ሰው ነው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር ቢሆን ይመከራል። ሐኪም አይደለም። «ቡድን ከመጣህ መድኃኒትህን ተው» የሚል ስፖንሰር ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ማኅበሩ ራሱ አባላቱ እንደ ሐኪም እንዳይሆኑ ይመክራል። ማገርሸት ሲመጣ ደግሞ፣ ለብዙው ሰው ይመጣልና፣ ወደ ስብሰባው የመመለሻው ቀን ማግስቱ ነው። «ምን ፊት ይዤ» ብሎ ወር የቀረ ሰው ወሩን ሲጠጣ ያሳልፋል።

አሁን እኔን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። በአማርኛ የሚሰበሰብ ለምን በየከተማችን አይኖርም? እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እንኳ የልቡን በእንግሊዝኛ አያወጣም። አባቱ ሲጠጣ ያየውን፣ ለቅሶ ቤት የጀመረውን፣ ሰርግ ላይ ያዋረደውን በፈረንጅ አፍ እንዴት አድርጎ ይናገር? ቡድን ለመጀመር ደግሞ ሁለት ሰው ይበቃል። አክረን ላይ የነበሩት ሁለት ነበሩ። ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም። ኃላፊነቱ፣ ሰብሳቢነቱም ቡና ማፍላቱም፣ በየጊዜው ይዞራል።

ይህ ለኛ አዲስ አይደለም። የጽዋ ማኅበር ያለው አገር ነን። በየወሩ በየተራ ቤት ይዞራል፣ ሙሴው ያስተባብራል፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል፣ የታመመ ይጎበኛል። እድራችን በየወሩ ከየኪሱ እያዋጣ ይቆማል። የጎደለን ነገር የሚቀዳውን መቀየር ብቻ ነው። ማኅበሩ ከጠላው ጋር ስለተሳሰረ ጠጪው ሲያቆም ማኅበሩንም አብሮ ያጣል፤ ጓደኛ፣ ዘመድ፣ በዓል ሁሉ ብርጭቆው አጠገብ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ደግ አደረገ። የሰርጉን ድንኳንና የበዓሉን ጠረጴዛ ግን አዋጅ አይደርስበትም። እዚያ የሚደርሰው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ኃፍረቱን እንዴት እናልፈዋለን ለሚለውም ልምድ አለን። በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ፊታቸውን ለማሳየት በማይችሉበት ጊዜ እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ተቋቋሙ። ጎረቤት ዕቃ ለይቶ የሚያቀርብበት ጊዜ ነበር። በየሰፈሩ ቡና እየተፈላ ውይይት ተካሄደ። መድኃኒቱን ያለማቋረጥ ለመውሰድ ብርታት ያገኙት እርስ በርሳቸው ነው። ያንን የቻለ ሕዝብ ስለ መጠጥ ሦስት ወንበርና አንድ ጀበና ማሰባሰብ አያቅተውም። ቤቱ የሚጠጣበት ያልሆነ አንድ ሰው፣ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ሰዓት፣ «እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል» የሚል ስምምነት፤ መጀመሪያው ይኸው ነው። አንድ ሰው ብቻ በመጣበት ሳምንትም አለመሰረዝ።

ለቤተሰብ አጭር ቃል አለኝ። ለጠጪ ቤተሰቦች አል አኖን የሚባል የራሳቸው ቡድን አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጠጪው ባያቆምም እንኳ ይሄዱበታል። አንዳንድ ቤተሰብ ተስፋ ሲቆርጥ ዳይሰልፊራም የሚባለውን፣ በላዩ መጠጥ ሲጠጣ የሚያሳምመውን ክኒን በወጥ ውስጥ ደብቆ ይሰጣል። ፈጽሞ እንዳታደርጉት። መድኃኒቱን ሳያውቅ የወሰደ ሰው መጠጥ ቢጠጣ በጠና ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ፣ እያወቀና እየፈለገ ከሆነ ግን ይረዳዋል። ሌላው ደግሞ ቀላሉ ነገር ነው። ያቆመ ዘመድ ካላችሁ «በሞቴ» አትበሉት።

ወዳጄ ያን ዓመት የፋሲካን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አደረ። ሲነጋ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ዶሮው ቀረበ፣ ጠርሙሱም ወጣ። «መጣሁ» ብሎ ተነሥቶ መኪናው ውስጥ ገባና በስልኩ ስብሰባ ተቀላቀለ። እዚያ ያሉት ፈረንጆች ነበሩ፤ ለእነሱ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ተራው ሲደርስ «ዛሬ የአገሬ ትልቅ በዓል ነው፤ ያልጠጣሁበት 56ኛ ቀኔ ነው» አላቸው። አጨበጨቡለት። ሰዓቱ ሲሞላ ወደ ቤት ተመለሰ። ዶሮው እንዳይቀዘቅዝ ተከድኖለታል። ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ተነሥቷል። በእሱ ቦታ እህቱ አምቦ ውሃ አስቀምጣለታለች።